የሰከረ ቧንቧ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ዘርግቻለሁ፣
በአራዳ ጉራንጉር ጎንበስ ብዬ ኖሬያለሁ፤
ጣሊያን የቀበረውን፣ ዝገት የበላውን፣
በጨርቅ የታሰረውን፣ በጭቃ የተደፈነውን፣
አይቻለሁ ሁሉን።
እንዲህ ያለ ግን
አንድም ቀን አላየሁ።

ይርዳው ነው የጠራኝ፣ «ያንጠባጥባል» ብሎ፣
ከቧንቧው አፍ በታች ባልዲውን ደልድሎ፤
ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ከጣውላ ቤት ጀርባ፣
አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ጎንበስ ተብሎ ሚገባ።
ድሮ ምጽዋ ላይ መርከበኛ የነበረ ሰው ነው፣
ዛሬም ሲራመድ መሬት የሚናጥበት ነው።

ጎሚቱን ፈትቼ ክሩን ስጠቀልል
ዓይኔ መስኮቱ ላይ ሄዶ ቀረ፤ አልመለስ ቢል።

ጡጫ የሚያክል ድንጋይ፤ በላዩ የተጋደሙ
ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው፣ እርስ በርስ የተጣመሙ፤
አንዱ ጣት ያህላል፣ አንዱ የእርሳስ ቅጥነት፣
ንጣቱ የደበዘዘ፣ እንደ አጫሽ ሰው ጥርስ ቡናማ ያለበት፤
ቆዳው ሻካራ ነው፣ ዙሪያውን ተተልትሎ፣
ውስጡ ግን ያዳልጣል፣ የሸክላ ሳህን መስሎ።

«ማነው የዘረጋው? ሰክሮ ነው ሠራተኛው?
ጎሚት በጎሚት ላይ፣ ጠብታ ማያወጣው!»
ሳቀ ይርዳው። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ አለቀ።
«ትል አይደለም» አለኝ፣ ሐሳቤን እንዳወቀ፤

«ቀንድ አውጣ ነው እሱ።
ሕፃን ሳለ ቅርፊቱ
እንደ ማንም ቀንድ አውጣ ጥምጥም ነው በሥርዓቱ።
ታያለህ? እዚህ ጋ፣ ከሥሩ፣ ትንሿ ጥምጥም፤
ከዚህ ነው የጀመረ። ካለቱ ሲገጥም
ሥርዓቱን ረሳው፤
ቦታ ባገኘበት እያደገ ሄደ፣
እግሩን ትቶ፣ በቁመቱ ብቻ መንገድ ወለደ።»

«የት ነው ሚኖር?» አልኩት።
«ዳህላክ፣ ማዕበሉ ከሚሰበርበት፣
ባሕሩ ሲሸሽ ፀሐይ ከሚያየው፣ ሲመለስ አረፋ ከሚያለብሰው አለት፤
ብዙ ሆነው ይኖራሉ፣ ግድግዳ ተጋርተው፣
አንዱን ባንዱ ጣራ ቤት አስደግፈው፤
በመሃል ስንጥቁ ሸርጣን ተከራይቶ፣
ጣት የምታህል ዓሣ ከሥራቸው ተኝቶ።
ልክ እንደኛ ግቢ።»

«ካልሄደ ምን ይበላል?»
«ይተፋል» አለ ይርዳው፣ «የሚያጣብቅ ለሃጭ፣ እንደ ሸረሪት ድር፤
ውሃው ላይ ይሰደዋል። ባሕሩ ያመጣው ብናኝ ሲጣበቅበት
ጎትቶ ይውጠዋል፣ ያጠመደውን ከነመረቡ ባንድነት።
ደግሞ ሌላ ይተፋል።»

«እንዴት አመጣኸው?»
ዝም አለ። የያዝኩትን መፍቻ አየ።
«ብቻውን አይነሳም፤ ካለቱ አልተለየ።
በመሮ ነው። ድንጋዩን ሰብሬ።
ማታ መኝታዬ ላይ ሸተተኝ።
ለካ ባለቤቱ ውስጡ ነበር።»

ክረምቱ ሲወጣ ወረቀቱ ወጣ።
በየበሩ ቀለም፣ በየቤቱ ጣጣ።
የኔ ድርሻ ነበር ሳራቺኔስካ መዝጋት፣
ቆጣሪውን መንቀል፣ መስመሩን መቁረጥ በጠዋት።
ግቢውን ስቆፍር
ያ ቧንቧ፣ ቀጥ አርጌ ዘረጋሁ ያልኩት በወጣትነቴ፣
ድንጋይ ሲሸሽ፣ ሥር ሲዞር፣ ጥግ ሲያቅፍ አገኘሁት፤ አፈርኩ በሙያዬ።

ይርዳው አይሱዙው ላይ ከፍራሹ አጠገብ ተቀምጦ
ድንጋዩን ዘረጋልኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።
«አንዴ ነቅዬዋለሁ። ሁለተኛ አልነቅልም።
አንተ ጋ ይሁን። ከአራዳ አይውጣብኝም።»
ከዚያ እጁን ዘርግቶ ያን ጎሚት ለመነኝ፣
የፈታሁትን፣ አሮጌውን። ሰጠሁት።
ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኪሱ ረጠበ። ሄደ።

አሁን ሱቄ ውስጥ ነው፣ አራት ኪሎ፣ ከመፍቻዎቹ መሃል።
ትናንት አንድ ጎረምሳ አንስቶ ያገላብጠዋል፤
«ይሄ ቧንቧ ሜትሩ ስንት ነው?» ብሎ ቀለደ።
«አይሸጥም» አልኩት፤ «የሰው ቤት ነው።»
ባንድ ዓይኑ አጮለቀ።
«ማንም የለም» አለኝ።